የትኛው ሉፕ? «ለከተማችን ሴት ክኒን ይበቃታል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ፣ «ለከተማችን ሴት ክኒን ይበቃታል» የሚል ጽሑፍ ለእኔም ደረሰኝ። ጸሐፊው የባሕር ዳር ሰው ናቸው። አጻጻፋቸው ጨዋ ነው፤ ለሴቶች ጤና መቆርቆራቸውም ከመጀመሪያው አንቀጽ ይታያል። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። በየቀኑ የምትዋጠው የወሊድ መከላከያ ክኒንና በማኅፀን የሚቀመጠው ሆርሞን ያለው ሉፕ ሁለቱም 99 በመቶ ይከላከላሉ። ሉፑ ግን ደም ያበዛል፤ ደም ካላበዛም ጭራሽ አስቀርቶ «መጥፎውን ደም» ሆድ ውስጥ ያጠራቅማል፤ ላልወለደች መካንነት ያመጣል፤ ሆርሞኑም ያው የክኒኑ ሆርሞን ነው። ስለዚህ የከተማችን ሴት በእጇ ያለውን ክኒን ይዛ ትቀመጥ።

እኔ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ውስጥ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሉፕ ሊያስገቡ ቀጠሮ ይዘው የነበሩ ሴቶች ስልካቸውን እያሳዩ «ሲስተር፣ ይሄ እውነት ነው?» ሲሉኝ ዝም ማለት አልቻልኩም። ክኒንን ላጣጥል አልመጣሁም። ጸሐፊው ልክ ያሉበት ቦታ አለ። እንዲያውም ለክኒኑ የሚያደላ፣ እሳቸው ሳያነሡት ያለፉት ትልቅ ምክንያት ስላለ እሱን እኔ አነሣላቸዋለሁ።

«ሉፕ ደም ያበዛል»

ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ስለሆነ ከዚህ ልጀምር። ጸሐፊው ስለ ሆርሞኑ ሉፕ እጽፋለሁ ብለው ተነሥተው የጻፉት ስለ መዳቡ ነው። ሁለቱም ከአውራ ጣት ያነሱ፣ «ቲ» የምትባለውን የፈረንጅ ፊደል የሚመስሉ ፕላስቲኮች ናቸው፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ቲ 380ኤ የሚባለው የመዳቡ ሉፕ ምንም ሆርሞን የለውም። የተጠመጠመበት መዳብ የወንዱን ዘር ያሰናክላል፤ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። የወር አበባን ማብዛት፣ ቁርጠት ማጠንከር የሚታይበት ይህኛው ነው፤ ያውም በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት።

የሆርሞኑ ሉፕ ግንዱ ላይ ሌቮኖርጀስትሬል የሚባል ሆርሞን ይዟል። በብዛት የሚታወቀው ዓይነት 52 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ እንደገባ በቀን 20 ማይክሮ ግራም ገደማ ይለቃል፣ ዓመታት ሲያልፉ እየቀነሰ ይሄዳል። የማኅፀን በር ላይ ያለውን ፈሳሽ ያወፍርና የወንዱ ዘር እንዳያልፍ ያደርጋል፤ የማኅፀኑን የውስጥ ሽፋን ደግሞ ያሳሳል። ሽፋኑ ሲሳሳ የሚፈሰው ደም ያንሳል። በየወሩ ደም እየፈሰሳት ፊቷ ገርጥቶ፣ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ድው ድው ለሚልባት ሴት ይህ ሉፕ እንደ መድኃኒት የሚታዘዝ ነው፤ በወራት ውስጥ የሚፈሰውን ደም ከ80 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ጸሐፊው «ደም ማነስ ያለባት ሴት አጠገቡ እንዳትደርስ» ብለው የጻፉት ዓረፍተ ነገር እንግዲህ እውነቱን ገልብጦ ያስቀመጠ ነው። ለመዳቡ ቢሆን ኖሮ ግማሽ እውነት ነበረው።

ጽሑፉ ሊነግረን የሚገባው፣ ግን ያልነገረን ሌላም ነገር አለ። በመንግሥት ጤና ጣቢያዎቻችን «ሉፕ አስገቡልኝ» ያለች ሴት አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው የመዳቡን ነው። የሆርሞኑ እንደ ልብ አይገኝም፤ በየጤና ጣቢያው ከመዞር በፊት ደውሎ ወይም ሰው ልኮ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሽምብጥ ጤና ጣቢያም ሂጂ ሐን ጤና ጣቢያ፣ አልጋው ላይ ከመውጣትሽ በፊት «የመዳቡ ነው የሆርሞኑ?» ብለሽ ጠይቂ። የባለሙያውን ሥራ መድፈር አይደለም። የመዳቡን አስገብታ «ደሜ ይቀንሳል» ብላ የምትጠብቅ ሴት፣ በሦስተኛው ወር ተናድዳ ትመጣና ታስወጣዋለች፤ ለጎረቤቷም «ሉፕ አይረባም» ትላለች። የጸሐፊው ጽሑፍም ከእንዲህ ያለ ወሬ የተወለደ ይመስለኛል።

«ሁለቱም 99 በመቶ ናቸው»

99 በመቶ የሚባለው ለክኒን እውነት የሚሆነው አንድም ቀን ሳትዘለል ከተዋጠች ነው። እንዲያ ከሆነ በዓመት ውስጥ ከ1,000 ሴቶች 3ቱ ገደማ ያረግዛሉ። ሰው እንደሚኖረው ሲኖር ግን፣ በአሜሪካ በተሰበሰበው መረጃ፣ በዓመት ከ100 ክኒን ተጠቃሚዎች 7ቱ ያረግዛሉ። በሆርሞኑ ሉፕ ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ የመጣው መድኃኒቱ ደካማ ሆኖ አይደለም፤ አንዱ በየቀኑ ማስታወስን ይጠይቃል፣ ሌላው ከገባ በኋላ ምንም አይጠይቅም።

ማስታወሱ እንዴት እንደሚከብድ ደግሞ የእኛን ከተማ ያየ ያውቃል። ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ ሴት ይህን ሳምንት ማታ፣ የሚቀጥለውን ቀን ትውላለች፤ «ከእራት በኋላ» የሚባል ሰዓቷ በየሳምንቱ ይዛወራል። ሆቴል ቤት የምታድረዋም እንዲሁ። ከደቅ ደሴት ወይም ከዘጌ በጀልባ መጥታ ክኒን የምትወስድ እናት፣ ማዕበል ሲነሣ ወይም መንገድ ሲዘጋ ቀጣዩ ጥቅል ከየት ይመጣል? ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ መንገድ መዘጋት ምን እንደሆነ ለባሕር ዳር ሰው አላስረዳም። ጥቅሉ ያለቀባት ሴት መንገዱ እስኪከፈት ሰውነቷ አይጠብቃትም። ጸሐፊው ስለ ክኒን ሲጽፉ ፋርማሲው ሁልጊዜ ክፍት፣ መደርደሪያውም ሁልጊዜ ሙሉ እንደሆነ አድርገው ነው የጻፉት።

ጾምም አለ። በሁዳዴ ወይም በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከዚያም በላይ የምትጾም ሴት ክኒኗን ጠዋት በውኃ ልትውጥ አትችልም። በረመዳን የምትጾመዋም ከንጋት እስከ ምሽት እንዲሁ ናት። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመጀመሪያውኑ የመዋጫውን ሰዓት የመኝታ ሰዓት ማድረግ። ችግሩ ይህን የሚነግራት ስታጣ ነው፤ ያኔ በጾሙ ሰሞን ጭራሽ ታቋርጠዋለች። ጠበል የምትጠጣ ሴትም ልብ ማለት አለባት። ክኒኗን ውጣ ብዙም ሳትቆይ ጠበሉ ካስመለሳት ክኒኗም አብራ ወጥታለች፤ ሌላ መዋጥ አለባት። ተቅማጥና ትውከት ለቀናት ከቆየባትም እንደረሳች ትቁጠረው።

ጽሑፉ ክኒን ዋጡ ብሎ መክሮ ብትረሱስ የሚለውን አንድም መስመር ስላልሰጠው እኔ ልሙላው። አንዲት ፍሬ ከረሳሽ ባስታወስሽ ጊዜ ዋጫት፤ የዛሬዋንም በሰዓቷ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ቢገጥሙም ግድ የለም። ሁለትና ከዚያ በላይ በተከታታይ ከረሳሽ ከረሳሻቸው የመጨረሻዋን ብቻ ዋጪ፣ የቀሩትን በየቀኑ ቀጥዪ፣ ለ7 ቀናት ደግሞ ኮንዶም ተጠቀሚ። የረሳሽው በጥቅሉ የመጀመሪያ ሳምንት ሆኖ ግንኙነት ካደረግሽ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ስለ ፖስት ፒል (ከግንኙነት በኋላ ስለሚዋጠው ድንገተኛ መከላከያ) ባለሙያ አማክሪ፤ ፈጥነሽ በዋጥሽው መጠን ይበልጥ ይሠራል። የረሳሽው በመጨረሻው የሆርሞን ሳምንት ከሆነ ሆርሞን የሌላቸውን ቡናማ የብረት ፍሬዎች ትተሽ አዲስ ጥቅል ጀምሪ።

«የወር አበባ ካልመጣ መጥፎ ደም ይጠራቀማል»

ይህን እናቶቻችንም ይሉታል፤ ጸሐፊው ብቻቸውን አይደሉም። ደሙ ግን የትም አልተደበቀም፤ አልተሠራም። የወር አበባ ማለት በየወሩ የሚወፍረው የማኅፀን ሽፋን ሲፈርስ የሚወጣው ነው፤ ሽፋኑ ካልወፈረ የሚፈርስ ነገር የለም። የሆርሞኑን ሉፕ ካስገቡ ሴቶች በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ላይ ከ5ቱ አንዷ ገደማ ደም ጭራሽ አታይም፤ ጤናዋ ግን እንደነበረ ነው፤ እንዲያውም የብረት ማዕድኗ ይቆጠብላታል። (ሉፕ ገብቶ ደም የቀረባት ሴት የእርግዝና ስሜት ካላት ወይም ጽኑ የሆድ ሕመም ከተሰማት ግን ዝም አትበል፤ ትመርመር። በሉፕ ላይ እርግዝና እምብዛም አይከሰትም፤ ከተከሰተ ግን ከማኅፀን ውጭ የመሆኑ ዕድል ከፍ ይላል።)

ጸሐፊው ያላወቁት አስቂኝ ነገር አለ። ክኒን በምትወስድ ሴት ላይ በየወሩ የሚታየው ደም ራሱ እውነተኛ የወር አበባ አይደለም። ክኒኑ እንቁላል እንዳይወጣ ያግዳል። ከ28ቱ ፍሬዎች ሆርሞን ያላቸው 21 ናቸው፤ የቀሩት ቡናማዎቹ 7 በብዙዎቹ ጥቅሎች ላይ ብረት ብቻ ናቸው። ሆርሞኑ ለ7 ቀን ሲቋረጥ ነው ደሙ የሚመጣው። ለጤና ግድ የሚያስፈልግ ደም አይደለም። «መጥፎ ደም» የሚባል ነገር ቢኖር ኖሮ ክኒኑም አያወጣውም ነበር።

እንግዲህ ለክኒኑ የሚያደላው፣ ጸሐፊው የዘለሉት ምክንያት ከዚሁ ከደሙ የሚነሣ ነው። የሆርሞኑ ሉፕ ወዲያው ደም አይቀንስም። በመጀመሪያዎቹ 3 እስከ 6 ወራት ጠብ ጠብ የሚል፣ ቀኑ የማይታወቅ ደም ማየት የተለመደ ነው። በመጽሐፍ ላይ «ጉዳት የሌለው ጊዜያዊ ለውጥ» ተብሎ ይታለፋል። ባሕር ዳር ላይ ግን ደም ባየች ቀን ቤተ ክርስቲያን የማትገባ ሴት አለች፤ ትቆርብ የነበረች፣ ቅዳሴ የማትቀርበት። ለእሷ ሦስት ወር ሙሉ «ዛሬ ይታየኝ ይሆን?» እያሉ ነጠላ ለብሶ ደጀ ሰላም መቆም ቀላል ነገር አይደለም። አንዷ «ሲስተር፣ ልጅ መቆጣጠር እኮ ፈልጌ ነው፤ ከቅዳሴ መለየትማ አልፈለግሁም» ብላኛለች። መልስ የለኝም ነበር ማለት አልችልም፤ ግን በመጀመሪያ ቀጠሮዋ ላይ ያን ቢነግሯት ኖሮ አስባ ትወስን ነበር። ትንሽ ጠብታ እንደ ወር አበባ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለውን እኔ አልፈርድም፤ የንስሐ አባት አላት። የእስልምና ሊቃውንትም የወር አበባን ከሌላ ደም ለይተው የሚያዩበት ሥርዓት አላቸው፤ ለሶላትና ለጾም ትጠይቃቸው።

ክኒን እዚህ ላይ ይረታል። ደሙ የሚመጣበትን ሳምንት አስቀድማ ታውቃለች። ከዚያም አልፎ፣ ሁለቱን ሆርሞኖች የያዘውን ክኒን የምትወስድ ሴት ለትንሣኤ ወይም ለጥምቀት ደም እንዳይገጥማት ከፈለገች፣ ቡናማዎቹን ትታ ከአዲሱ ጥቅል የሆርሞኖቹን ፍሬዎች በቀጥታ መቀጠል ትችላለች። ደሙ ይዘገያል፤ ጉዳት የለውም። ይህን የሚያውቁ ሙሽሮች ያደርጉታል፤ እናቶች ግን ማን ነግሯቸው?

ሌላም የሚያስቸግር የቀን ቆጠራ አለ። የመጀመሪያው የድኅረ ወሊድ የቤተሰብ ምጣኔ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ከ40ኛው ቀን ጋር ይጋጠማል። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ እናትየዋም ቤተ ክርስቲያን የምትገባው በዚያ ቀን ነው። በ38ኛው ቀን ሉፕ አስገብታ በ40ኛው ደም ካየች ወይ ክርስትናው ላይ ውጭ ትቆማለች ወይ ሉፑን ትረግማለች። ልጇን ጡት ብቻ እያጠባች፣ የወር አበባዋ ካልተመለሰና ልጁ 6 ወር ካልሞላው ማጥባቱ ራሱ ጥሩ መከላከያ ነው፤ ስለዚህ ክርስትናው ካለፈ በኋላ ብታስገባ ምንም አይጎድልባትም። እኔ ቀጠሮ ስሰጥ «ወንድ ነው ሴት?» የምለው ለምን እንደሆነ አዲስ የሚመጡ ተማሪዎች አይገባቸውም።

«ሆርሞኑ ያው ስለሆነ ጉዳቱም ያው ነው»

ስሙ አንድ ነው፤ መጠኑና መንገዱ ግን የተለያየ ነው። በብዛት የሚሸጠው ክኒን በእያንዳንዱ ፍሬ 150 ማይክሮ ግራም ሌቮኖርጀስትሬል አለው፤ ተውጦ፣ በጉበት አልፎ በደም መላ ሰውነትን ይዞራል። ሉፑ በቀን 20 ገደማ ለቅቆ አብዛኛው ሥራው እዚያው ማኅፀን ውስጥ ያልቃል። ዋናው ልዩነት ግን ክኒኑ ውስጥ ያለው፣ ሉፑ ውስጥ የሌለው ሁለተኛው ሆርሞን ነው፤ ኤስትሮጅን፣ 30 ማይክሮ ግራም። የደም መርጋት ስጋት የሚያመጣው እሱ ነው።

ስጋቱን ሳላጋንን ልንገራችሁ። ክኒን ከማይወስዱና ነፍሰ ጡር ካልሆኑ 10,000 ሴቶች በዓመት 2 ገደማ ደማቸው ይረጋል፤ ይህን ዓይነት ክኒን ከሚወስዱት ከ5 እስከ 7። በእርግዝናና ከወለዱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ለጤነኛ የ24 ዓመት ወጣት ክኒን የሚያስፈራ አይደለም። የደም ግፊቷ ለከፋ፣ ከ35 ዓመት በላይ ሆና ሲጋራ ለምታጨስ፣ ራስ ምታቷ ከመጀመሩ በፊት ዓይኗ ላይ ብልጭታ ወይም የተሰባበረ መስመር ለሚታያት ሴት ግን ይህ ክኒን አይሆንም። ከወለደች 6 ሳምንት ላልሞላት አጥቢ እናትም አይሰጥም። የእነዚህ ሁሉ በር ለሆርሞኑ ሉፕ አይዘጋም፤ ከወለደች እናት በኩል ወይ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ወይ ከ4 ሳምንት በኋላ ይገባል።

«ሐኪም ሳያስፈልጋት ከፋርማሲ ገዝታ ትዋጠው» የሚለው የጸሐፊው ምክር እዚህ ላይ ነው የሚያሳስበኝ። ፋርማሲስቱ ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ግፊቷን ካልለካ ግን አያውቅላትም። አንድ ጊዜ ክንዷን ማስለካት ብቻ ነው የሚያስፈልጋት።

ከዚህ የባሰ የተዘለለ ነገር አለ፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት። በሕክምናው ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲን ጉበት ሆርሞኑን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርግና ክኒኑን ያደክመዋል፤ በየቀኑ በትክክል ብትውጠውም ልታረግዝ ትችላለች። ለሚጥል በሽታ የሚታዘዘው ፌኖባርቢታልም እንዲሁ። ሉፑ ሥራውን እዚያው ስለሚሠራ አይነካም። የቲቢ ክትትል ላይ ያለች እኅት ካለች ክኒኗን በመድኃኒት ቤት ወሬ ሳይሆን ከባለሙያ ጋር ትነጋገርበት።

ለጸሐፊው ፍትሐዊ ልሁን። ፊቷ ላይ ብጉር ለሚያስቸግራት ወጣት ክኒኑ ብዙ ጊዜ ያሻሽለዋል፤ የሆርሞኑ ሉፕ ግን አንዳንዶች ላይ ብጉር ያመጣል። ክኒን ለዓመታት የወሰዱ ሴቶች የእንቁላል እጢና የማኅፀን ሽፋን ካንሰር ስጋታቸው ይቀንሳል። ስለ ጡት ካንሰር «ሉፕ ያመጣል» ብለው ያስቀመጡት ግን ግማሹ ተቆርጦ የቀረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የዴንማርክ ትልቅ ጥናት ትንሽ ጭማሪ ያገኘው በሉፑም በክኒኑም ነው፤ ተጠቅልሎ ሲታይ ለአንድ ዓመት ሆርሞን ከተጠቀሙ 7,690 ሴቶች አንድ ተጨማሪ ታማሚ ማለት ነው። ጡት ካንሰር ያለባት ሴት ከሁለቱም ትራቅ። ሌላዋ በዚህ ምክንያት አንዱን ከአንዱ አትመርጥም።

«ላልወለደች መካንነት ያመጣል፣ ወደ ልብም ይወጣል»

ይህ ስጋት ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ዳልኮን ሺልድ የሚባል ሉፕ ይሸጥ ነበር። ከሉፑ ጫፍ የሚንጠለጠለው ክር ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ስለነበር ተሕዋስያን በውስጡ እየተሳቡ ወደ ማኅፀን ይወጡ ነበር፤ ብዙ ሴቶች ተመርዘዋል፣ መካን ሆነዋል፣ የሞቱም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ከገበያ ወጣ። የዛሬዎቹ ሉፖች ክር ነጠላና ለስላሳ ነው። የኢንፌክሽን ስጋት ያለው በዋናነት ከገባ በኋላ ባሉት 20 ቀናት ገደማ ነው፤ እሱም ሲገባ አባላዘር በሽታ ካለ። ለዚህ ነው ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የታች ሆድ ሕመም አለሽ ወይ ብለን የምንጠይቀው። ስለ ፍቅር ጓደኛሽ የምንጠይቀውም ለሐሜት አይደለም።

ያልወለደች ሴት ማስገባት ትችላለች፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ ይፈቅዳል። ሲወጣ የመውለድ ዕድሏ ወዲያው ይመለሳል፤ ክኒን ስታቆምም እንዲሁ ነው። ብዙ ቆይቶ የሚመለሰው በሦስት ወሩ መርፌ ነው፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይፈጃል። ጸሐፊው «ሉፕ አውጥታ ዓመት ሙሉ ሳትፀንስ የቀረች አውቃለሁ» ሲሉ ከሉፑ በፊት መርፌ ትወስድ እንደነበር ጠይቀው ይሆን? በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ያገቡ ሴቶች 27ቱ በመርፌ፣ 9ኙ በክንድ በሚቀበረው ይጠቀሙ ነበር፤ ክኒንና ሉፕ እያንዳንዳቸው 2 ገደማ። የብዙዎቻችን ታሪክ መርፌ ያለበት ነው፤ ጥፋቱ ግን በኋላ በመጣው ላይ ይጫናል።

ወደ ልብ የሚወጣበት መንገድ የለም። እምብዛም የማይከሰት፣ ግን ያለ ነገር አለ፤ ሲገባ ማኅፀኑን ሊበሳ ይችላል፤ ከ1,000 አንድ ወይም ሁለት፣ በሚያጠቡ እናቶች ላይ ግን ከፍ ይላል። ያኔ የሚገኘው ሆድ ዕቃ ውስጥ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ከዚህ ይልቅ የሚያጋጥመው ሉፑ ራሱ ተንሸራቶ መውጣቱ ነው፤ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት፣ ከ100 ሴቶች በጥቂቶቹ። ክሩን በጣትሽ ካጣሽው ወይም ጠንካራ ነገር ከነካሽ ቶሎ ነይ።

ስለ ማስገባቱ ሕመም ጽሑፉ ምንም አላለም፤ እኔም ደብቄ አላልፍም። ያምማል። ለአንዳንዷ እንደ ወር አበባ ቁርጠት፣ ለሌላዋ ከዚያ የሚከፋ፤ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፣ ቁርጠቱ አንድ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል። «ምንም አይሰማሽም» የሚል ባለሙያ ካጋጠመሽ አትመኚው። አስቀድመሽ የሕመም ማስታገሻ ስለ መውሰድ ጠይቂ፣ በዚያ ቀን ሌማት ተሸክመሽ ገበያ አትውረጂ። በወር አበባሽ መጀመሪያ 7 ቀናት ውስጥ ከገባ ወዲያው ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ ለ7 ቀን ኮንዶም።

«ክኒን በሴቲቱ እጅ ነው»

ይህ የጽሑፉ ጠንካራ ነጥብ ነው፤ አልከራከረውም። ክኒንን ዛሬ መጀመር፣ ነገ ማቆም ትችላለች፤ የማንንም ፈቃድ አትለምንም። ሉፕን ለማስገባትም ለማስወጣትም ሌላ ሰው ያስፈልጋታል። ሉፕ ይውጣልኝ ብላ ሄዳ «ገና ነው፣ ታገሺው፣ ይለምድሻል» ተብላ የተመለሰች ሴት አጋጥማኛለች። ይህ የሙያችን ነውር ነው። የማስወጣት መብት ምክንያት አይጠየቅበትም፤ በስድስተኛው ወርም ይሁን በስድስተኛው ቀን።

ነገር ግን በእጅ መሆን ማለት በእጅ መያዝም ማለት ነው። በተከራየችው አንድ ክፍል ከባሏና ከባሏ እናት ጋር የምትኖር ሴት 28 ፍሬ ክኒን የት ትደብቃለች? ባል ጥቅሉን አግኝቶ የወረወረባት፣ አማት «ልጄን ዘር ልትነሺው ነው» ያለቻት አለች። ለእሷ ማንም የማያየው ሉፕ ነው በእጇ ያለው። ጸሐፊው «ባሏን አማክራ ትወስን» ብለዋል፤ መመካከር ጥሩ ነው፣ ትዳር ያለ ምክር አይቆምም። ሆኖም የባል ፊርማ የሚጠይቅ ደንብ የለም፤ የቤተሰብ ምጣኔ መረጃና አቅም የማግኘት መብቷ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ላይ ተጽፏል። ባል ክሩን ይሰማዋል የሚባለውም ክሩ አጭር ተቆርጦ ሲጎረብጥ ነው፤ ብትነግሩን ወደ ውስጥ እንዲታጠፍ እናስተካክለዋለን።

ሁለቱም ከኤች አይ ቪም ከሌላ የአባላዘር በሽታም አይከላከሉም። ጽሑፉ ይህን ሳይጽፍ ማለቁ፣ ለወጣቶች የተጻፈ ነው እየተባለ፣ ይገርመኛል። በዩኒቨርሲቲያችን ፔዳና ፖሊ ግቢ ያሉ ልጆች ኮንዶሙን ከየትኛውም ጋር ይያዙት።

ማኅፀኗን መነካት የማትፈልግ፣ ክኒንም የምትረሳ ሴት ከሁለት አንዱን የግድ መምረጥ የለባትም፤ ክንድ ላይ የሚቀበረው አለ፣ እንደ ሉፑ ከ100 አንድ እንኳ አያስረግዝም። ጸሐፊው ጉዳዩን የሁለት ብቻ ውድድር ስላደረጉት ከጽሑፋቸው ወጥቶ ቀርቷል። ሉፕ የመረጠች ደግሞ ከክፍሉ ስትወጣ ካርዷን ትቀበል፤ የመዳብ ወይም የሆርሞን መሆኑ፣ የገባበት ቀንና የሚወጣበት ዓመት ይጻፍበት። ባለ 52 ሚሊ ግራሙ ዛሬ እስከ 8 ዓመት እንዲቆይ የተፈቀደባቸው አገሮች አሉ፤ ሆርሞናቸው ያነሰ ዓይነቶች በ3 ወይም በ5 ዓመት ይወጣሉ። ካርዱ ባዶ ከተሰጣት መልሳ ታስሞላው፤ ወረፋውን ሳትይዝ ገብታ ብትጠይቀኝ አልቆጣም።